ኒሂጊም የተባለችው መንደር

ሁዎን ሸለቆ፣ ታዝማኒያ
ማርች 8፣ 1987

ለተከበሩ አቶ ሴናን ኮንሲዲን፣

የምጽፍልዎ የማያውቁኝ ሴት ነኝና ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና በቤትዎ ላሉት ሁሉ ጤናን እመኛለሁ። ሜርል ፐርተን እባላለሁ። ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው። ባሌ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ከጉልበቴ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው። አድራሻዎን የሰጡኝ የደብርዎ ካህን አባ ሞሎኒ ናቸው። ለደብሩ የላክሁትን ደብዳቤ ከቅዳሴ በኋላ ሲያነቡት፣ ከኋላ ወንበር እጃቸውን ያወጡት እርስዎ ብቻ ነበሩ ብለው ጻፉልኝ። ስለዚያች እጅ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጉዳዬ ይህ ነው። የእናቴ አያት ኦኖራ ኮንሲዲን ትባል ነበር። እናቴ ስለ እሷ በተጠየቀች ቁጥር፣ ከአንዲት እመቤት ጋር በአጃቢነት፣ በመርከብ ላይ የራሷ ክፍል ተሰጥቷት የመጣች ናት ትል ነበር። በዚህ ደሴት የሁሉም ሰው አያት የመጣችው እንዲያ ነው። እንግሊዝ እዚህ ያጋዘቻቸው ግዞተኞች የማን አያቶች እንደነበሩ እንጃ። ባለፈው ዓመት ሆባርት ከተማ ሄጄ ከመዝገብ ቤቱ ትልቁን የእስረኞች መዝገብ አስወጥቼ አየሁት። እንዲህ ይላል፦ «ኦኖራ ኮንሲዲን። ዕድሜ 22። ጥፋት፦ በግ መስረቅ። ፍርድ፦ አሥር ዓመት ግዞት፣ 1849። ማንበብም መጻፍም አትችልም። ፊቷ ጠቃጠቆ አለበት። የትውልድ ቦታ፦ ኒሂጊም፣ ክሌር።»

እናቴ በሕይወት ኖራ ይህን ብታይ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። እኔ ግን እውነቱን ልንገርዎ፣ ደስ አለኝ። ከመዝገቡ ያላስደነገጠኝ የመንደሯ ስም ብቻ ነበር። አያቴ የእናቷን ከግዞት የተፈታችበትን ወረቀት በመቀስ ቆራርጣ እሳት ውስጥ ስትከት አንዲት ጥግ አስቀርታ ነበር፤ «ኒሂጊም፣ ክሌር» የሚል። ከዚያ ወዲህ የፖም እርሻችን ኒሂጊም ይባላል። ወንድ አያቴ ስሙን በጥድ ሳንቃ ላይ ቀርጾ በሩ ላይ ሰቀለው። ተወልጄ ያደግሁት፣ የተዳርሁትም፣ ዛሬ ብቻዬን የምኖረውም ኒሂጊም ነው።

የኦኖራ መቃብር ዛሬ ቁጥር ብቻ ነው፤ እንጨቱ ከበሰበሰ ቆይቷል። ኦክቶበር ላይ የሞተችበት ቀን ሳይደርስ ድንጋይ ላቆምላት አስቤያለሁ። በድንጋዩ ላይ የተወለደችበት አገር በትክክል እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ካርታ ላይ ፈልጌ አጣሁት። በአየርላንድ በታላቁ ረሃብ ጊዜ ብዙ መንደሮች ጠፍተዋል ይባላልና እሱም ጠፍቶ ይሆናል። ቦታውን የሚያውቁት ከሆነ የስሙን አጻጻፍና አንድ ፎቶግራፍ ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

አክባሪዎ፣
ሜርል ፐርተን


ኪልራሽ አጠገብ፣ ክሌር፣ አየርላንድ
ማርች 29፣ 1987

ለተከበሩ ወይዘሮ ሜርል ፐርተን፣

ሰላም ለእርስዎና ለጉልበትዎ ይሁን። የእኔም ግራ ጉልበት ዝናብ ሊመጣ ሲል ይነግረኛል። እዚህ ደግሞ ዝናብ ሳይመጣ የሚቀርበት ቀን ስለሌለ ሲያወራ ይውላል። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት የወተት መኪና ነድቻለሁ። ሳላገባ ቀርቼ ከእህቴ ከዴሊያ ጋር እኖራለሁ፤ ለምን እንዳላገባሁ ዴሊያን ይጠይቋት፤ ረጅም መልስ አላት።

በዚያ እሑድ እጄን ያወጣሁበት ምክንያት ይህ ነው። በቤታችን ማታ ማታ የመቁጠሪያ ጸሎት እናደርሳለን። ሲያበቃ እንደማንኛውም ቤት ጭማሪ ጸሎቶች አሉን፤ ለሙታን፣ ለታመሙ፣ ለባሕርተኞች። ከሁሉ መጨረሻ ደግሞ «ለናኖ፣ ባለችበት» ብለን አንዲት ሰላም ለኪ እንደግማለን። አባቴም አያቴም እንዲሁ ይሉ ነበር። ናኖ ማን እንደሆነች የሚያውቅ አልነበረም። እኔ በልጅነቴ የጠፋች ላም ትመስለኝ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ትመለሳለች ብዬ በሩን ክፍት እተው ነበር፤ አባቴም ይቆጣኝ ነበር። አባ ሞሎኒ «ኦኖራ» ብለው ሲያነቡ ደነገጥሁ። ናኖ በእኛ ዘንድ የኦኖራ ቁልምጫ ነው።

እንግዲህ ዘመዳሞች ሳንሆን አንቀርም። ኤኒስ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የዚያን ዘመን ጋዜጦች አሉ፤ የፍርድ ቤቱን ወሬ እፈልጋለሁ። የመንደሩን ነገር ጊዜ ይስጡኝ። ደብዳቤዎን ለዴሊያ ጮክ ብዬ ሳነብላት የመንደሩ ስም ላይ ስደርስ ጓሮ ሥራ እንዳለባት ነግራኝ ወጣች። ቆይታ ነው የተመለሰችው።

እግዚአብሔር እድሜዎን ያርዝመው።
ሴናን ኮንሲዲን


ኒሂጊም፣ ሁዎን ሸለቆ
ኤፕሪል 19፣ 1987

ውድ ሴናን፣

ከዛሬ ጀምሮ አንቱታውን ትተነዋል። ለመቶ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲጸለይልን ኖሮ አሁን «አክባሪዎ» መባባል ያሳፍራል። አንተ በዪኝ ብለህ እንደፈቀድህልኝ ቆጥሬዋለሁ።

ያንን ስለ ናኖ የጻፍኸውን ለብቻዬ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። እኛ እዚህ ሜቶዲስት ፕሮቴስታንቶች ነን፤ ባሌ መቁጠሪያ ቢያይ ኖሮ እንደ አይጥ በጭራው ይዞ ወደ ውጭ ይጥለው ነበር። እኔ ግን ያን ሁሉ ዓመት ማታ ማታ በማላውቀው ቤት ስማችን ሲጠራ እንደነበር ሳስብ ሆዴ ባባ። ዴሊያን ሳምልኝ፤ ጓሮዋም ይለምልምላት።

አሁን የፖም ለቀማ ላይ ነን። የሣጥኖቻችንን ምልክት አንዱን ልኬልሃለሁ፤ ቀዩ ፖም፣ ከላዩ በወርቃማ ፊደል «ኒሂጊም»። አያቴ በነበረ ጊዜ በዚህ ስም በዓመት ስምንት ሺህ ሣጥን ወደ ሎንዶን ይሄድ ነበር። በመንደሯ ስም እንግሊዞቹን ፖም ማብላታችን ለኦኖራ ጥሩ ካሳ ነው ትል ነበር እናቴ፤ የምን ካሳ እንደሆነ ግን አታብራራም።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ያሉት ተሳስተዋል። እኔን ሰባ ዓመት ሲናፍቀኝ ኖሯል። ልጅ ሆኜ የተጣላሁ ጊዜ ሁሉ «እውነተኛው ኒሂጊም እሄዳለሁ» እያልሁ ጓዜን እጠቀልል ነበር። እናም ፎቶግራፉ ይቅርና አንድ ነገር ልለምንህ። ከመንደሩ አንድ ጭብጥ አፈር ላክልኝ፤ ከድንጋዩ ሥር አደርገዋለሁ።

ዘመድህ፣ ሜርል


ክሌር
ጁን 7፣ 1987

ውድ ሜርል፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ለክረምት የምናነደውን አፈር ከረግረጉ የምንቆርጥበት ጊዜ ሆነና ወገቤ ተያዘ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ከዚያ ደግሞ ካሜራው ተበላሸ። ምክንያት ስደረድር ታዪኛለሽ፤ ዴሊያም እንዲሁ እያየችኝ ነው።

አፈሩ አይሆንም። ፖስታ ቤት ብጠይቅ አፈር ወደ እናንተ አገር አይገባም አሉኝ፤ በር ላይ የሚያሸት ውሻ አለ አሉ። የሣጥን ምልክቱ ግን ቤታችን ገብቷል። ሳህን መደርደሪያው ላይ፣ ከቅዱስ ሴናን ሥዕል ጎን አቁመነዋል። እንግዳ ሲመጣ ዴሊያ ወደ ግድግዳው ታዞረዋለች። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

ኤኒስ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ጋዜጣው የታተመው ትንኝ በሚያህል ፊደል ስለሆነ አንዱን ወር ለማንበብ ቀን ይፈጃል። ገና ነኝ። እስከዚያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የቤታችሁን ስም እናንተ እንዴት ነው የምትጠሩት? ድምፁን «ሂ» ላይ ነው ወይስ «ኒ» ላይ የምትረግጡት?

ሴናን


ኒሂጊም
ጁላይ 2፣ 1987

ውድ ሴናን፣

እንደምን ሰነበትህ? እዚህ ውርጭ ነው፤ ዛፎቹን እየገረዝን ነው። «ሂ» ላይ ነው የምንረግጠው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አንድ የደበቀው ነገር አለው።

ሦስት ደብዳቤ ጻፍሁልህ፣ ስለ ጋዜጣው ትጽፍልኛለህ፣ ስለ ዝናቡ ትጽፍልኛለህ፣ ስለ መንደሩ ግን ትንፍሽ አትልም። መጀመሪያ ፎቶግራፍ ለመንሁህ። ቀጥዬ አፈር። አሁን ሁለቱንም ትቻለሁ። አዎ ወይም አይደለም በለኝ፤ ያ ይበቃኛል። ድንጋይ ጠራቢው ክላይቭ ዶዝ ድንጋዩን አስመጥቶ ጽሑፉን በጠመኔ ነድፎታል። «ኦኖራ ኮንሲዲን፣ በኒሂጊም ክሌር ተወለደች።» ኦገስት መጀመሪያ መሮውን ያነሣል። ዝም ካልኸኝ እሺታ አደርገዋለሁ።

ደግሞ ሆባርት ተመልሼ የጠባይ መዝገቧን አየሁ። ደግ ሠራተኛ አልነበረችም። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ ተቀጥታለች። «ለአሠሪዋ እመቤት ጥያቄ በብልግና ዝም አለች፤ ሰባት ቀን ጨለማ ክፍል።» «የታዘዘችውን ትታ ሌላ ሠራች፤ አሥር ቀን።» «ስትጠየቅ አሾፈች፤ ሰባት ቀን።» እኔም ትምህርት ቤት እንዲሁ ነበርሁ፣ በዘር የመጣ ነው ብዬ ሳቅሁ።

ሜርል


ክሌር
ጁላይ 14፣ 1987

ውድ ሜርል፣

ይህ ደብዳቤ ከኦገስት በፊት እንዲደርስሽ ዴሊያ ራሷ በብስክሌት ፖስታ ቤት ትወስደዋለች። ዛሬ ጠዋት ደብዳቤሽን አንብባ እንዲህ አለችኝ፦

«አንተ ፈሪ፣ ልትነግራት ነው ወይስ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ የአገር መሳቂያ እስክትሆን ልትጠብቅ ነው?»

«ሴትዮዋ እኮ በሩ ላይ ሰቅላዋለች፣ ዴሊያ።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ጓሮ ወጥቼ የሳቅሁት። አሁን ግን አያስቅም፤ ጻፍላት።»

እንግዲህ ይኸው። ኒሂጊም መንደር አይደለም። በክሌር የለም፣ በአየርላንድም የለም፣ ድሮም አልነበረም። በእኛ በድሮው የአየርላንድ ቋንቋ «ኒ ሂጊም» ማለት «አልገባኝም» ማለት ነው። እዚህ አገር ማንኛውም ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው ቃል እሱ ነው፤ እኔማ ከዚያ አላለፍሁም። ያንን የሣጥን ምልክት ጎረቤት እንዳያየው ዴሊያ የምታዞረውም ለዚህ ነበር።

ከመጀመሪያው ደብዳቤሽ ጀምሮ አውቄዋለሁ። ስሙን ጮክ ብዬ እንዳነበብሁት ገባኝ። ልጽፍልሽ ስነሣ ግን «ተወልጄ ያደግሁት ኒሂጊም ነው» ያልሽው ፊቴ ላይ ይደቀናል። ሰው እንዴት ለአንዲት ሴት አገርሽ የለም ብሎ ይጽፋል? እየፈራሁ አዘገየሁት። ይቅር በይኝ።

ትናንት ደግሞ ጋዜጣውን አገኘሁት፤ የ1849 የማርች ችሎት። ኦኖራ ኮንሲዲንና ወንድሟ ቶማስ፣ ከሊስፎርና መንደር፣ አንድ በግ ሰርቀዋል ተብለው ቀረቡ። ወንድሟ አራት ልጆች አሉት፣ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ናት ይላል። ኦኖራ ለዳኛው «በጉን ያረድሁት እኔ ብቻዬን ነኝ፤ እሱ ሲበላ እንኳ ከየት እንደመጣ አልጠየቀም» አለች። ቶማስን ለቀቁት። ቶማስ የአባቴ አያት ነው። በዚያ ዓመት የተወለደው ልጅ የእኔ አያት ነው። አሁን ናኖ ማን እንደሆነች፣ ለምንስ እንደምንጸልይላት አወቅሁ።

ወሬው የሚያበቃው እንዲህ ነው፦ «ተከሳሿ እንግሊዝኛ ስለማታውቅ ቃሏን የሰጠችው በአስተርጓሚ ነበር።» ኤኒስ ላይ አስተርጓሚ ነበራት። ሆባርት ላይ አልነበራትም። ጸሐፊው የት ተወለድሽ ብሎ ጠየቃት፣ እሷም አልገባኝም አለችው፣ እሱም ጻፈው።

ከዚህ በኋላ ያንን የጠባይ መዝገብ ደግመሽ አንብቢው።

የምትጠዪኝ ከሆነ እንኳ ዘመድሽ የሆንሁ፣
ሴናን


ሁዎን ሸለቆ
ኦገስት 23፣ 1987

ሴናን፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ጁላይ 27 ነው። ያኔውኑ ለክላይቭ ደውዬ መሮውን አስቀምጥ አልሁት። «ምነው፣ ሰውየው የተለየ አጻጻፍ ላከ እንዴ?» ሲለኝ ስልኩን ዘጋሁበት።

ዝም ያልሁህ ተናድጄ ነው። መጀመሪያ በአንተ፤ ለካ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ኖሯል። ከዚያ በጸሐፊው። ከዚያ በአያቴ፤ ምነው ያችንም ጥግ ባቃጠለቻት ብዬ። መፍቻ ይዤ ወጣሁና ሳንቃውን ከበሩ ነቅዬ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አጋደምሁት። ሦስት ሳምንት በላዩ ላይ ቁርስ በላሁ። የማንም አገር ልጅ እንዳልሆንሁ ተሰማኝ፤ በዚህ ዕድሜ የሚያስቅ ነገር ነው፣ ግን ተሰማኝ።

ባለፈው ሐሙስ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሁለት ሴቶች ሻይ ሲጠጡ አንዷ ሳንቃውን አየችው። «ሜርል፣ እስቲ ዛሬ እንኳ ንገሪን፣ ይህ ስም ምን ማለት ነው?» አለችኝ። እኔም እውነቱን ተናገርሁ፣ «አልገባኝም» አልኋት። «ሰባ አራት ዓመት ኖረሽበት አልገባኝም ትያለሽ?» አለችኝ። ያኔ ሳቅ ያዘኝ። ስምንት ሺህ ሣጥን በዓመት! እንግሊዝ ሁሉ በወርቅ ፊደል «አልገባኝም» የሚል ፖም ሲገምጥ ኖሯል። ሻዩ በአፍንጫዬ ወጣ፣ ሴቶቹም ሐኪም ሊጠሩ ነበር።

ማታ ግን ያልኸኝን አደረግሁ፣ የጠባይ መዝገቧን ደግሜ አነበብሁ። ጠየቋት፣ ዝም አለች፤ ሰባት ቀን። አዘዟት፣ ሌላ ሠራች፤ አሥር ቀን። መልሽ ሲሏት ያችኑ ሁለት ቃል ተናገረች፣ የምታሾፍ መሰላቸው፤ ሰባት ቀን። ባለጌ አልነበረችም፣ ሴናን። የሚሏት አልገባትም ነበር። እሷ ደግሞ ያን እየነገረቻቸው ነበር። እኔም ከዚያ መዝገብ ላይ ቆሜ ስቄባታለሁ። አለቀስሁ፣ ደህና አድርጌ።

አሁን የመጨረሻ ልመናዬን ስማ። ፎቶግራፍ አልፈልግም፣ አፈርም ይቅር። አንድ ቃል ከእሷ ቋንቋ እፈልጋለሁ። ለእሷ መልስ የሚሆን ቃል።

ሜርል
(ዴሊያን ሳቋን ይቅር ብያታለሁ በልልኝ።)


ክሌር
ሴፕቴምበር 6፣ 1987

ውድ ሜርል፣

ተመስገን። ደብዳቤሽ እስኪመጣ ፖስተኛው በሩቅ ሲያየኝ ባዶ እጁን እያሳየኝ ያልፍ ነበር።

ቃሉን ለራሴ ብቻ አልተውሁትም፣ የቀድሞ አስተማሪያችንን ጠየቅሁ፤ በድንጋይ ላይ ሁለት ጊዜ መሳሳት አይገባም። «ቲጊሚድ» በይ። «ገብቶናል» ማለት ነው። እኔ ብቻ ሳልሆን እኛ ሁላችን። አጻጻፉን በትልልቅ ፊደል ለብቻው ወረቀት አድርጌልሻለሁ፣ ለክላይቭ ስጪው።

ፎቶግራፍ አልፈልግም ብትዪም ልኬልሻለሁ። ካሜራው ድሮም አልተበላሸም ነበር። ሊስፎርና ይቺ ናት፣ አምስት የፈረሱ ግድግዳዎችና አንድ የእሾህ ዛፍ። ከግድግዳው ጥግ የቆመችው ዴሊያ ናት፤ እንዳትስቂባት፣ ለፎቶግራፉ ብላ የቤተ ክርስቲያን ኮፍያዋን አድርጋለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይኸው ጠራ።

ሴናን


ኒሂጊም፣ ሁዎን ሸለቆ
ኦክቶበር 18፣ 1987

ውድ ሴናን፣ ውድ ዴሊያ፣

ሰላማችሁ ይብዛ። ፖሞቹ አብበዋል፤ ሸለቆው ሁሉ ነጭ ነው። ትናንት ድንጋዩን አቆምን። አሥራ አንድ ሰው መጣ፣ አብዛኛው ለኬኩ።

አድራሻዬን እንደምታዩት ሳንቃውን መልሼ ሰቅየዋለሁ፤ ቀለምም ቀባሁት። ቢያሳስተንም የራሷ ቃል ነው። ከአፏ ወጥቶ እኛ ዘንድ የደረሰ ሌላ ቃል የለንም። ሰው ትርጉሙን ሲጠይቀኝ ያው መልሴን እሰጠዋለሁ፣ ተቆጥቶ ይሄዳል፣ እኔም እየሳቅሁ እገባለሁ።

ክላይቭ ድንጋዩን ሲጨርስ ከሥር ያለችውን ቃል በጣቱ እየነካ ምን እንደምትል ጠየቀኝ። ታሪኩን ሁሉ ነገርሁት። ዕቃውን ሰብስቦ መኪናው ዘንድ ከደረሰ በኋላ ተመልሶ መጣ። «ወይዘሮ ፐርተን፣ ያ የሆባርት መዝገብ ቤት በስንት ሰዓት ነው የሚከፍተው?» አለኝ።

ድንጋዩ ላይ ያለው ይህ ነው፦

ኦኖራ ኮንሲዲን
ናኖ
በሊስፎርና፣ ክሌር ተወለደች
በዚህ አረፈች፣ 1898
ቲጊሚድ

ሁሉም ሲሄዱ ጎንበስ ብዬ፣ «ሂ» ላይ ሳይሆን «ቲ» ላይ እየረገጥሁ፣ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። አነጋገሬ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። እሷ ግን ሳይገባት አይቀርም።

ዘመዳችሁ፣
ሜርል